የማስመለስ ሰዋስው

ከብስክሌት ጠጋኙ፣ ከደረጃው በላይ፣
አሥራ አራት ተማሪ ባንድ አምፖል ሥር ሲታይ፣
ከመንገድ ሲወጣ የጥብስ ዓሣ ሽታ፣
እንግሊዝኛ ነው እኛ ጋ፣ ሁልጊዜ ማታ ማታ።

መምህርት ባንቺአምላክ ጠመኔዋን ይዛ
ሦስት ቃል ጻፈችልን፣ ሦስተኛዋ ፈዛ።
«ፋይንድ» ማለት ማግኘት ነው፤ ያንተም ባይሆን እንኳ፣
መንገድ ላይ የወደቀ ብር፣ ማዕበል ያመጣው ታንኳ።
«ጌት ባክ» ግን ያንተ ነበር፤ ከእጅህ ወጥቶ ሄደ፣
ወዶ ተመለሰ፣ ወይም ተገደደ።
«እዚህ ላይ አስምሩ» አለች፣ ሁለቴ አሰመረች፣
«ባለቤት ከሌላት ዓረፍተ ነገሯ ተሳስታ ቀረች።»
ሦስተኛዋን፣ «ሪከቨርን»፣ ለነገ አሳደረች።

«ምሳሌ?»
ውድነሽ ተነሣች፣ መታወቂያ ጥላ
ከባጃጅ ወንበር ሥር ያገኘችው ኋላ።
«ፋይንድ» አለች፤ «ፋውንድ» በይ ተባለች፤ ሣቀች።
ቀጠለ የሻነው፣ ያ የጋራዡ ልጅ፣
ስልኩን ያስመለሰው በፖሊስ፣ በአማላጅ፣
«አይ ጋት ኢት ባክ» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፤
አጨበጨብንለት። እኔ ዝም አልኩኝ፣ ምላሴ ቃል ሸሽጎ።

በኛ ቋንቋማ ለሁለቱም አንድ ቃል ነው፦
አስመለሰ ይባላል፣ ብሩን የተቀበለ ከቀማኛ መዳፍ፤
አስመለሰው ይባላል፣ ሆዱ ተገልብጦበት የጎነበሰ ካፋፍ።
እናቴ «ባሕሩ አስመለሰው» ስትል
የትኛውን ማለቷ እንደሆነ
ጠይቄያት አላውቅም።

«አንተስ?» አለች። እኔ?
ሞተር ጀልባ ነጂ ነኝ፣ ፈረንጅ ጭኜ ወደ ዘጌ፤
ዌልካም፣ ሲት ዳውን፣ ሂፖ፣ ቴን ሚኒትስ፣ ይህቺው ናት ወጌ።
ቆምኩ ግን። ካምና ጀምሮ አንድ ዓረፍተ ነገር አፌ ላይ ነበር፣
ነሐሴ የሰጠኝ፣ ከወንድሜ ከአንማው፣ ከደንገል ታንኳው ጋር።
«ዘ ሌክ ጋት ማይ ብራዘር ባክ» አልኩ።

ክፍሉ ጸጥ።
መምህርቷ በቀስታ፣ ስሕተት ሳይሆን ቁስል እንደሚነካ ሰው፦
«ቱክ በል፤ ወሰደው ነው። ጌት ባክ ላንተ እንጂ ለባሕሩ አይሆንም፤
የሱ መቼ ነበርና?»

እንግሊዝኛዬ አለቀ። ባማርኛ ነገርኳት።
እናቴን ከደቅ ደሴት ሲያመጧት፣ ምጥ ጠንቶባት፣
የባሕር ዳር መብራት እየታየ፣ ሐኪም ቤት ሳይደረስ፣
አንማው ጀልባ ላይ ነው የመጣ፣ ማዕበል ውኃ ሲያርስ።
እትብቱን ወደ ውኃው ጣሉት፤ አፈር አልነበረ።
የሰው ሁሉ እትብት ምድር ሲቀበር፣ የሱ ጣና ቀረ።
«ታዲያ የማን ነበር?» አልኳት።
ጠመኔውን አነሣች፣ ዳስተሩን አነሣች፣
ሁለቱንም መልሳ አስቀመጠች።
ዓረፍተ ነገሬ ሰሌዳው ላይ አደረች።

ያን ማታ በባሕሩ ዳር ሄድኩ፣ በዘንባባው ሥር፣
የሆቴሎቹ መብራት ውኃው ላይ ሲሰባበር።
ጀልባዬ እንደታሰረች ትንጠራራለች።
ስሟን በቀለም የጻፈላት አንማው ነው፣
አንድ ፊደል ገድፎ።
እስካሁን አላረምኩትም።

በማግሥቱ ሦስተኛዋ መጣች፦
«ሪከቨር»፣ የሰጠመን ማውጣት። «ሪከቨር»፣ ከሕመም መዳን።
ደብተሬ ላይ ሁለቱን ባንድ ገጽ ጻፍኳቸው፦
በሦስተኛው ቀን፣ ጨራ ጨራ አጠገብ፣ ዓባይ ከባሕሩ ሲለይ፣
አንማውን ሪከቨር አደረጉት፤
አንማው ግን ሪከቨር አላደረገም።
አየችው። ቀይ እስክሪብቶዋን አልከፈተችም።

ቤት ስገባ እናቴ የአንማውን መረብ ትጠግናለች፣
የሚጥለው የለም።
«ዛሬስ ምን ተማርክ?»
«ማገገም» አልኳት፣ ግማሹን ደብቄ።
«በነሱ ምን ይሉታል?»
«ሪከቨር።»
«ከበር?» አለች፣
መርፌዋን አቆመች፣
ዞር ብላ በሩን አየች።